የአየር ንብረት፣ የመብራት ሂሳብ እና የአውስትራሊያ ምርጫ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜልበርን ፉትስክሬይ ውስጥ ቡና ቤት ተቀምጠን ወሬው ወደ ፖለቲካ ከዞረ፣ ከኢሚግሬሽንና ከቤት ኪራይ ቀጥሎ የሚነሳው የመብራት ሂሳብ ነው። አንዱ "ይሄ ሁሉ የሶላር ጣጣ ነው" ይላል፤ ሌላው "የለም፣ የከሰሉ ነው" ይላል፤ ከዚያ ክርክሩ ይጦፋል። ባለፉት ሦስት የፌዴራል ምርጫዎች የድምፅ መስጫ ወረቀት አሞላል ለወገኖቼ ሳስረዳ ብዙ ጊዜ የተጠየቅኳቸውን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ዶላር ስልም የአውስትራሊያን ማለቴ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ የአየር ንብረት ጉዳይ ምርጫን ይህን ያህል የሚያናውጠው ለምንድን ነው?

አገሪቱ በአንድ በኩል ከዓለም ትልልቅ የድንጋይ ከሰል ላኪዎች አንዷ ናት። ከሲድኒ በስተሰሜን ያለው የኒውካስል ወደብ ከሰል ሲጭን ውሎ ሲጭን ያድራል። በሌላ በኩል ድርቅ፣ የጫካ እሳትና ጎርፍ የሚፈራረቁባት ደረቅ አህጉር ናት። ስለዚህ በከሰል ደመወዝ ልጆቹን የሚያሳድገውም፣ ቤቱን እሳት የበላበትም በአንድ ቅዳሜ አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘው ይሰለፋሉ።

ምርጫው ግዴታ መሆኑም አለ። በ1924 በወጣው ሕግ መሠረት ስሙ መዝገብ ላይ ያለ ዜጋ ሁሉ ይመርጣል፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ 20 ዶላር ይቀጣል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። ፖለቲካ የማይወደውም፣ የሌሊት ሥራ ሠርቶ አድሮ የደከመውም ሰው ይመርጣል። ይህ ሰው በ2050 የበካይ ጋዝ ልቀትን ወደ ዜሮ ስለማድረስ የሚደረግ ረጅም ንግግር የሚሰማበት ጊዜ የለውም፤ የሚያየው ሂሳቡን ነው። እኔ እስከታዘብኩት ድረስ እነዚህን ምርጫዎች ያሸነፈው ጉዳዩን እዚህ ሰው ደጃፍ ድረስ ያመጣው ወገን ነው።

ነገሩ የጀመረው መቼ ነው?

ዋናው መነሻ የ2007 ምርጫ ነው። ለዓመታት የዘለቀ ድርቅ ነበር፤ ትልልቅ ከተሞች ጓሮ በውኃ ቧንቧ ማጠጣትን እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። የሌበር ፓርቲው ኬቪን ራድ የአየር ንብረት ለውጥን የትውልዳችን ታላቅ የሞራል ፈተና ብሎ ጠራው፤ ከ11 ዓመት በላይ ሥልጣን ላይ የቆየውን ጆን ሃዋርድንም አሸነፈ። ሃዋርድ መንግሥቱን ብቻ ሳይሆን የራሱን የፓርላማ ወንበርም አጣ። ራድ ቃለ መሐላ በፈጸመበት ቀን፣ ዲሴምበር 3፣ በካይ ጋዝ መልቀቅን የሚገድበውን የኪዮቶን ዓለም አቀፍ ስምምነት ማጽደቂያ ፈረመ።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ። ራድ ያቀረበው የልቀት ንግድ ሕግ (ድርጅቶች በካይ ጋዝ የመልቀቅ ፈቃድ የሚገዙበትና የሚሸጡበት) በ2009 ሴኔት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ወግ አጥባቂዎቹ (ሊበራልና አጋሩ ናሽናል ፓርቲ) በዛብን ብለው፣ ግሪንሶቹ (የአካባቢ ጥበቃ ፓርቲው) ደግሞ አነሰን ብለው ተቃወሙት። ሕጉን ለመደገፍ የተስማማው የሊበራል ፓርቲ መሪ ማልኮም ተርንቡል በገዛ ፓርቲው በአንድ ድምፅ ልዩነት፣ 42 ለ41፣ በቶኒ አቦት ተተካ። ያቺ አንዲት ድምፅ በሌላ በኩል ወድቃ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የመጣው የአሥር ዓመት ጠብ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ብዬ አምናለሁ። ራድ በ2010 ሕጉን ለሌላ ጊዜ አስተላልፌዋለሁ አለ። ታላቅ ፈተና ያለውን ነገር እንዲህ በቀላሉ ሲያስቀምጠው ያመነው ሰው ከዳው፤ ሁለት ወር ሳይቆይ ጁሊያ ጊላርድ በቦታው ገባች።

"ካርበን ታክስ" ሲባል እሰማለሁ። ምን ነበር? ለምንስ መንግሥት ጣለ?

በ2010 ምርጫ ዋዜማ ጊላርድ በቴሌቪዥን ቀርባ እኔ በምመራው መንግሥት የካርበን ታክስ አይኖርም አለች። ከምርጫው ሁለቱ ትልልቅ ወገኖች እኩል 72 ወንበር ይዘው ወጡ። መንግሥት ለመመሥረት ግሪንሶችንና በግል የተመረጡ እንደራሴዎችን ማስማማት ነበረባት፤ ስምምነቱም በካርበን ላይ ዋጋ መጣልን አመጣ። ከጁላይ 1 ቀን 2012 ጀምሮ ብዙ የሚበክሉ ትልልቅ ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ቶን ልቀት 23 ዶላር ይከፍሉ ጀመር።

ጊላርድ አሠራሩ ለጥቂት ዓመት ቋሚ ዋጋ ይዞ ከዚያ ወደ ንግድ የሚሸጋገር እንጂ ታክስ አይደለም ብላ ማስረዳት ትችል ነበር፤ ስሙ ግን ታክስ ሆኖ ቀረ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው እንላለን፤ እዚህም መራጩ የያዘባት ከዋጋው ይልቅ ቃሏን ነው። አቦት ከእንቅልፉ ሲነሳም ሲተኛም ታክሱን እቆርጠዋለሁ አለ፤ በሴፕቴምበር 2013 አሸነፈ፤ በጁላይ 2014 ሕጉን ሻረው። ሕጉ በቆየባቸው ሁለት ዓመታት የመብራት ማመንጫዎች ልቀት ቀንሶ ነበር።

ብዙ ወገኖቼ የማያውቁት አንድ ነገር አለ። በየዓመቱ የግብር ማስታወቂያ ስንሞላ የመጀመሪያዋ 18,200 ዶላር ግብር አይከፈልባትም። ይህ ጣሪያ ከ6,000 ወደ 18,200 ከፍ ያለው በዚያው በጁላይ 1 ቀን 2012፣ የካርበኑ ዋጋ ለሚያስከትለው የኑሮ ጫና ማካካሻ ተብሎ ነው። ዋጋው ተሻረ፤ ማካካሻው ግን እንዳለ ቆየ። ጽዳት የሚሠራው፣ አረጋውያን የሚንከባከበው፣ ታክሲ የሚነዳው ሁሉ ዛሬም ይጠቀምበታል። ያ መንግሥት ይህን ለሕዝቡ በየቤቱ ቢያስረዳ ኖሮ ምርጫው እንዲያ ባልሆነ እላለሁ።

በ2019 ሌበር ያሸንፋል ሲባል ለምን ተሸነፈ?

የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎቹ ሁሉ ያሉት ሌበር ያሸንፋል ነበር። የሌበሩ መሪ ቢል ሾርተን በ2030 ልቀትን ከ2005 መጠን በ45 በመቶ እቀንሳለሁ ብሎ ተነሣ። ወጪው ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አልነበረውም። ሰው የማያውቀውን ዋጋ ይፈራል፤ ገበያ ላይም ዋጋ የማይናገር ነጋዴ ዘንድ አንቆምም።

ሁለተኛው የኩዊንስላንድ ጉዳይ ነው። አዳኒ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ካርማይክል የተባለውን ትልቅ የከሰል ማዕድን ሊከፍት ነበር። ሌበር በደቡብ ከተሞች ማዕድኑን እንደሚጠራጠር፣ በሰሜን ደግሞ ሥራውን እንደሚደግፍ አድርጎ ተናገረ፤ ሁለቱም ወገን ሰማ፤ ሁለቱም አላመነውም። የቀድሞው የግሪንስ መሪ ቦብ ብራውን መኪኖች አሰልፎ ከታዝማኒያ ተነሥቶ እስከ ኩዊንስላንድ የከሰል አገር ድረስ ተቃውሞ ይዞ ሄደ። ዓላማው ቅን ነበር። ሥራ ለሚፈልጉት ለክለርሞንትና ለማካይ ሰዎች ግን ከሩቅ የመጣ ሰው ጉሮሯችሁን ልዝጋ እንዳላቸው ሆነ የተሰማቸው። ሌበር በኩዊንስላንድ ካሉት 30 ወንበሮች ያገኘው 6 ብቻ ነበር።

በዚያው ሌሊት ሲድኒ ውስጥ የካርበኑን ዋጋ የሻረው ቶኒ አቦት ለ25 ዓመት የያዘውን ወንበር በአየር ንብረት ጉዳይ ለተወዳደረችው ለዛሊ ስቴጎል አስረከበ። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ አገር፣ አንድ ጉዳይ ሁለት ተቃራኒ ውጤት ሰጠ። ይህን ያልያዘ ሰው የአውስትራሊያን ምርጫ አይረዳም።

እሳቱ የሰውን ሐሳብ ቀየረ?

ቀየረ፤ ግን የምርጫ ሣጥን ላይ የታየው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የ2019–20 በጋ እሳት ከ24 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት አቃጠለ፤ 33 ሰዎች በቀጥታ ሞቱበት፤ ከ3,000 በላይ ቤቶች ወደሙ። በአዲስ ዓመት ዋዜማ በቪክቶሪያ ምሥራቃዊ ጫፍ ማላኩታ በምትባል ከተማ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሸሹ፤ ቀኑ እንደ ሌሊት ጨለመ፤ ኋላ የባሕር ኃይል መርከብ መጥቶ ብዙዎቹን አወጣ።

ጢሱ በጃንዋሪ ሜልበርን ደረሰ። የእኛ ቤት መስኮት በደንብ አይገጥምም፤ ስንጥቁን በእርጥብ ፎጣ ደፈንነው። ትንሹ ልጄ አስም አለበት። ሌሊት ተነሥቼ ትንፋሹን አዳምጥ ነበር፤ ጠዋት ፎጣው ግራጫ ሆኖ አገኘሁት። ያን ፎጣ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ በፊት የአየር ንብረት ጉዳይ ለእኔ የዜና ወሬ ነበር።

ጠቅላይ ሚኒስትር ስኮት ሞሪሰን እሳቱ እየነደደ በዲሴምበር ቤተሰቡን ይዞ ሃዋይ ለእረፍት ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ ይቅርታ ጠየቀ። በፌብሩዋሪ 2022 ደግሞ ሊዝሞር የምትባለው ከተማ ከዚህ ቀደም አይታው በማታውቀው ጎርፍ ተዋጠች፤ ሰዎች ጣራቸው ላይ ወጥተው ጎረቤት በጀልባ ያወርዳቸው ነበር። ምርጫው ከዚያ ሦስት ወር በኋላ መጣ።

"ቲል" የሚባሉት እነማን ናቸው? ፓርቲ ናቸው?

ፓርቲ አይደሉም። በግል የሚወዳደሩ፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሐኪም፣ ጋዜጠኛ ወይም የንግድ ሰው የነበሩ ናቸው። ስማቸው የመጣው ከዘመቻቸው ቀለም ነው፤ በሊበራሎች ሰማያዊና በግሪንሶች አረንጓዴ መካከል ያለ ቀለም። በሜይ 2022 ከሊበራል ፓርቲ ስድስት ወንበር ወሰዱ፤ ሁሉም የሀብታም ሰፈር ናቸው። ሜልበርን ውስጥ ኩዮንግ የሚባለውን የምርጫ ክልል ሞኒክ ራያን የተባለች የሕፃናት ሐኪም ከገንዘብ ሚኒስትሩ ከጆሽ ፍራይደንበርግ ነጠቀች። ያ ወንበር ለሊበራሎች እንደ ርስት ነበር።

እንዴት ቻሉ የሚለውን ለመረዳት የድምፅ አሰጣጡን ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ አንድ ሰው ብቻ አንመርጥም፤ ዕጩዎቹን ሁሉ 1፣ 2፣ 3 እያልን በደረጃ እንጽፋለን። ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ የመጨረሻው ዕጩ ይወጣና የእርሱ ወረቀቶች ወደ ተከታዩ ምርጫ ይተላለፋሉ። ኩዮንግ ላይ በመጀመሪያው ቆጠራ ይመራ የነበረው ፍራይደንበርግ ነው፤ የሌበርና የግሪንስ መራጮች ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አድርገው የጻፏት ራያን ግን አለፈችው። ስለዚህ "የእኔ ዕጩ አያሸንፍም፣ ድምፄ ይባክናል" ለሚሉኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው በትክክል ይጻፉ፤ ከአንድ በላይ ሣጥን ባዶ ከተዉ ወይም ምልክት ብቻ ካደረጉ ግን በእርግጥም ሊባክን ይችላል።

በዚያ ምርጫ ሌበር በአንቶኒ አልባኒዚ መሪነት 77 ወንበር ይዞ መንግሥት ሆነ። በዚያው ዓመት በ2030 ልቀትን በ43 በመቶ የመቀነስና በ2050 ወደ ዜሮ የማድረስ ግብ ሕግ ሆኖ ወጣ።

በ2025 የኑክሌሩ ሐሳብ ለምን ተቀባይነት አጣ?

የሊበራሉ ፒተር ደተን የከሰል ማመንጫ ባለባቸው ወይም በነበረባቸው ሰባት ቦታዎች መንግሥት ኑክሌር ይሥራ የሚል ዕቅድ ይዞ ቀረበ። አውስትራሊያ ውስጥ የኑክሌር መብራት ማመንጨት በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሕጉ መለወጥ ነበረበት። በራሱ በደተን ዕቅድ እንኳ የመጀመሪያው ማመንጫ መብራት የሚሰጠው ከአሥር ዓመት በኋላ ነበር። መራጩ ደግሞ ሂሳቡ የሚመጣው በየሦስት ወሩ ነው።

ሌበር በአንጻሩ ለቤት ባትሪ ከዋጋው 30 በመቶ ገደማ የሚቀንስ ድጎማ ከጁላይ 1 ጀምሮ እሰጣለሁ አለ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ጣራቸው ላይ ሶላር ባለበት አገር ይህ በቀጥታ ቤት የሚገባ ነገር ነው። ሌበር ከ150 ወንበር 94 አገኘ፤ ደተን የራሱን ወንበርም አጣ።

ኑክሌር ብቻውን ጣለው ግን አልልም። ትራምፕን ይመስላል መባሉ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ከቤት መሥራታቸውን አስቀራለሁ ብሎ ኋላ መመለሱ፣ የኑሮ ውድነቱ፣ ሁሉም ተደራርበው ነው። በዚያው ምርጫ በአየር ንብረት ጉዳይ ከሁሉ ጠንካራ የሚባሉት የግሪንሶቹ መሪ አዳም ባንት ሜልበርን ላይ ከ2010 ጀምሮ የያዘውን ወንበር አጥቷል።

ሌበር በ2022 ሂሳብ ይቀንሳል ብሎ አልነበረም?

ብሎ ነበር። የቤት የመብራት ሂሳብ በ2025 በዓመት 275 ዶላር ይቀንሳል ተብሎ ቃል ተገባ፤ አልቀነሰም። የዩክሬን ጦርነት የጋዝና የከሰል ዋጋ ሰቀለ፤ ያረጁ የከሰል ማመንጫዎችም በተደጋጋሚ እየተበላሹ ዋጋ አስወደዱ። መንግሥት በሂሳብ ላይ ድጎማ አድርጎ ሸክሙን አቃለለ፤ ቃሉን ግን አልፈጸመም። ንጹሕ ኃይልን የምደግፍ ሰው ነኝ፤ ያልተረጋገጠ ቁጥር ለሕዝብ ቃል መግባት ለዚህ ጉዳይ ከተቃዋሚዎቹ ይልቅ ጎጂ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ ተከራይ ነኝ፤ ጣራ የለኝም። ይህ ሁሉ ለእኔ ምኔ ነው?

ከሁሉ በላይ የምቆረቆርበት ጥያቄ ይህ ነው። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚኖሩት በኪራይ አፓርታማ ወይም በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን ባሉት የመንግሥት ፎቆች ነው። ጣራ የሌለው ሰው የሶላር ድጎማ አይደርሰውም፤ የባትሪውም ድጎማ እንደዚሁ።

ልዩነቱን በአንድ ምጣድ ላሳይዎት። እኅቴ የራሷ ቤት አላት፤ ጣራዋ ላይ ሶላር አስገጥማለች። እንጀራ የምትጋግረው ቅዳሜ ከቀኑ አምስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። ምጣዱ መብራት ሲበላ ኢንቨርተሩን (የሶላሩን ኃይል ለቤት የሚለውጠውን መሣሪያ) ሄዳ ታያለች፤ ከውጭ የምትገዛው የለም፤ ለሳምንቱ የሚሆን ሠላሳ እንጀራ ጋግራ ትነሣለች። እኔ ያንኑ ሊጥ ከሥራ መልስ ማታ፣ አንድ ሰዓት ላይ እጋግራለሁ፤ በእኔ ውል መብራት በጣም የሚወደድበት ሰዓት ነው። ምጣዱ አንድ ዓይነት፣ ጤፉ ከአንድ ሱቅ። ሶላር እንዲገጠም አከራዬን ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ የመጀመሪያውን አልመለሰም፤ ሁለተኛውን "አሁን አይደለም" አለ። ቪክቶሪያ ውስጥ ለኪራይ ቤት የሚሆን የሶላር ድጎማ አለ፤ ማመልከት የሚችለው ግን አከራዩ ነው።

ስለዚህ ዕጩ ደጃፍዎ ሲመጣ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና የማኅበር አዳራሽ ድረስ እጅ ሊጨብጥ ሲመጣ፣ "ለተከራይ ምን አለህ?" ብለው ይጠይቁ። ብዙዎቹ የተዘጋጀ መልስ የላቸውም። ሦስት ሰው ከጠየቃቸው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ይዘው ይመጣሉ።

ከሰል ላይ የሚሠሩት ሰዎችስ ምን ይሆናሉ?

ከሜልበርን በስተምሥራቅ ላትሮብ ቫሊ ውስጥ የነበረው ሄዘልዉድ ማመንጫ በማርች 2017 ተዘጋ። ለሠራተኞቹ የተነገራቸው አምስት ወር ሲቀረው ነው። ልጅ እያስተማረ፣ የቤት ብድር እየከፈለ ያለ ሰው በአምስት ወር ውስጥ ሕይወቱን እንደገና ጀምር ተባለ። በዚያ ሸለቆ ስለ ንጹሕ ኃይል የሚያወራ ፖለቲከኛ ዛሬም የሚታየው በዚያ ትዝታ ነው። ከዚያ ወዲህ ማመንጫ የሚዘጋ ባለቤት ቢያንስ ሦስት ዓመት አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ደንብ ወጥቷል፤ ሽግግሩን የሚከታተል የፌዴራል መሥሪያ ቤትም ተቋቁሟል። ሥራውን ያጣ ሰው ምን እንደሚሰማው ከእኛ ከስደተኞች በላይ የሚያውቅ የለምና፣ እነዚህን ሰዎች "የድሮ አስተሳሰብ ያላቸው" ሲሏቸው ስሰማ ያመኛል።

ዜግነት የለኝም። ድምፅ ከሌለኝ ማን ይሰማኛል?

መምረጥ አይችሉም፤ የአካባቢዎ እንደራሴ ግን የነዋሪው ሁሉ ተወካይ ነው። ቢሮው ሄደው ወይም ደብዳቤ ጽፈው ስለ ሂሳብዎ መናገር ይችላሉ፤ ዜግነት አያስፈልገውም።

ይህ ጉዳይ ከኢትዮጵያ ጋር ይገናኛል?

አዎ፣ በቅርቡ ይገናኛል። በኖቬምበር 2025 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ብራዚል ቤሌም ላይ ሲካሄድ፣ የ2027ቱን ጉባኤ አዲስ አበባ እንድታስተናግድ ተወሰነ። ከእርሱ በፊት ያለው የ2026ቱ ጉባኤ ቱርክ ውስጥ ነው፤ ድርድሩን የምትመራው ግን አውስትራሊያ ናት። የአውስትራሊያ ተደራዳሪዎች ሥራቸውን የሚያስረክቡት እንግዲህ ለአዲስ አበባ ነው። ኢትዮጵያ መብራቷን ከሞላ ጎደል ከውኃ የምታገኝ፣ በሴፕቴምበር 2025 የ5,150 ሜጋ ዋቱን የሕዳሴ ግድብ የመረቀች፣ የነዳጅ መኪና ማስገባትን ያገደች አገር ሆና ነው የምትቀበላቸው።

እዚህ ደግሞ በዚያው በኖቬምበር 2025 ናሽናል ፓርቲ፣ ተከትሎም ሊበራል ፓርቲ፣ በ2050 ልቀትን ወደ ዜሮ የማድረስን ቃል ትተዋል። ቀጣዩ የፌዴራል ምርጫ ቢዘገይ በ2028 አጋማሽ ላይ ነው፤ የአዲስ አበባው ጉባኤ ከተበተነ ከጥቂት ወራት በኋላ። መዝገብ ላይ ስምዎ መኖሩን፣ አድራሻዎ መስተካከሉን ከአሁኑ ያረጋግጡ፤ ቤት ሲቀይሩ የሚረሳው እርሱ ነው።